የጠዋት ኪኒን በታክሲ ተራ

መጀመሪያ ያመመው መንጋጋውን ነበር። በግራ በኩል፣ ከጆሮው ዝቅ ብሎ። ባለቤቴ ዘሪሁን ጠዋት ጠዋት ከመኪናው መስታወት ላይ በረዶ ሲፍቅ ይጀምረዋል፤ ገብቶ ተቀምጦ ሞተሩ እስኪሞቅ ሲጠብቅ ይተወዋል። ጥርስ ነው አልን። እኔ ከጓዳ ቅርንፉድ አውጥቼ ሰጠሁት፤ እሱም ያን ክረምት ቅርንፉድ እያኘከ ሥራ ሄደ። ተሳፋሪዎቹ የታክሲውን ሽታ እንደወደዱት ሲነግረኝ የባለሙያ ሚስት ኩራት ተሰማኝ። የጥርስ ሐኪም ቀጠሮም ይዘንለት ነበር።

ይህን የምጽፈው ቤታቸው ውስጥ የደም ግፊት ኪኒን ላላቸው ሰዎች ነው። ኪኒኑ እያለ፣ ሐኪሙ እያለ፣ ሰውየውም ታዛዥ ሆኖ እያለ ልብ እንዴት እንደሚታመም በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ኦሮራ በምትባል ከተማ አንድ የልብስ እጥበት ቤት ኋላ ክፍል ተቀምጬ ልብስ የማጠብብና የማሳጥር የስፌት ሠራተኛ ነኝ። ያየሁትን ብቻ ነው የምናገረው።

ቤታችን ግሪን ቫሊ ራንች የሚባል ሰፈር ነው። ከወጥ ቤቱ መስኮት ሜዳው ተዘርግቶ ይታያል፤ በሜዳው ጫፍ ላይ ደግሞ የኤርፖርቱ ነጭ ጣሪያ፣ ሹል ሹል ያለው። ጣሪያው ከጨርቅ የተሠራ መሆኑን የነገረኝ ዘሪሁን ነው። በመጀመሪያ አላመንኩትም። ካመንኩ በኋላ ግን ዕቃ ሳጥብ ዓይኔ ከእሱ አይነቀልም ነበር፤ ያን ሁሉ ጨርቅ ማን ሰፋው፣ ስፌቱ በየት በኩል ይሄዳል፣ መርፌው ስንት ቁጥር ነው እያልኩ አስባለሁ። በረዶ የጣለ ጠዋት ጣሪያው፣ ሜዳውና ሰማዩ ይቀላቀላሉ፤ የቱ ከየት እንደሚጀምር አይታወቅም። ያ ክረምት እስከ ዛሬ ትዝ የሚለኝ እንዲያ ሆኖ ነው፤ ነጭ፣ ድምፅ የሌለው፣ የሆነው ነገር ሁሉ ከእንቅልፍ በፊት እንደሚመጣ ሐሳብ የሚንሳፈፍበት።

ያኔ ታክሲ በእጅ ስልክ አይጠራም። የኤርፖርት ሾፌር ከተርሚናሉ ራቅ ያለ ሰፊ አስፋልት ላይ ይሰለፋል፤ "ሎት" ይሉታል። ፊት ያለው ሲጠራ ሁሉም አንድ አንድ መኪና ወደ ፊት ይጠጋል። ለአንድ ተሳፋሪ ግማሽ ቀን የሚጠበቅበት ጊዜ አለ። ከሾፌሮቹ አብዛኞቹ የእኛው ሰዎች ናቸው፤ ከአዲስ አበባ፣ ከናዝሬት፣ ከጎንደር፣ ከአስመራም የመጡ አሉ። ድሮ መኪናውን ሰልፍ ላይ ገትሮ ካርታ ሊጫወት ወይም ምሳ ሊበላ የሚጠፋ ሞልቶ ነበር። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ጠብ ይነሳል። አንድ ቀን ነገሩ ቡጢ ደረሰና ፖሊስ መጣ። ከዚያ በኋላ ሾፌሮቹ ተሰብስበው ደንብ አወጡ፤ ሰልፉ ሲንቀሳቀስ መኪናው ውስጥ ያልተገኘ ሰው ተራው ያልፈዋል፣ ሄዶ መጨረሻ ይሰለፋል። ደንቡን ያረቀቀው ዘሪሁን ነው፤ ያስከበረውም እሱ። "ተራ አስከባሪው" ይሉት ነበር፣ እንደ ቀልድም እንደ ማዕረግም። አንዴ የገዛ ሚዜውን መኪና ወደ ኋላ መልሶ፣ ሰውየው ለብዙ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ፊቱን ያዞርብን ነበር።

ግፊት እንዳለበት ካወቅን ዓመታት ሆኖን ነበር። ሐኪሙ የሰጠው አንዲት ኪኒን ናት፤ ሁለት መድኃኒት በአንድ ላይ የያዘች። አንደኛው ሊሲኖፕሪል፣ ሌላው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይባላል። ሁለተኛው የውሃ ኪኒን የሚሉት ነው፣ ሽንት ያበዛል። ጠርሙሱ ላይ "በየቀኑ ጠዋት አንድ" ይላል። ዘሪሁን ጠርሙሱን ይዞ ነበር ከቤት የሚወጣው። ለክትትል ሲሄድ ግፊቱ ሁልጊዜ ጥሩ ነው፤ ሐኪሙ ያመሰግነዋል፣ እኛም ያን ቀን ቁርጥ እንበላለን። ሰው ስኳር፣ ግፊት እያለ ሲያማርር እኔ የእኔ ባል ሥርዓት ያለው ሰው ነው እል ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሌሊቱን ሲጥል ያደረ በረዶ በሩን ሞላው። ዘሪሁን አካፋ ይዞ ወጣ። ልጃችን ሊዲያ መስኮቱ ጋ ቆማ ሲሪያል ትበላለች።

"ማሚ፣ ዳዲ ኢዝ ጀስት ስታንዲንግ ዜር" አለችኝ።

ወጣሁ። ዝም ብሎ ቆሟል። አካፋው በረዶው ላይ ወድቋል። ፊቱ አመድ መስሏል። ላብ አጥምቆታል፣ በዚያ ብርድ። ክንዱን ያዝኩት። ቀዝቅዟል።

"አስቱ፣ ጥርሴ ደረቴ ውስጥ ገባ" አለኝ።

ቤት አስገባሁት። ደረጃው ላይ ተቀመጠ። መተንፈስ አቃተው። ቁልፉን ስጪኝ እኔው ነድቼ እሄዳለሁ አለ። አይሆንም፣ እኔ እነዳለሁ አልኩ። ቁልፉን ፈለግሁ። ቁልፉ እጄ ላይ ነበር። ሊዲያ እኛ ስንከራከር 911 ደውላ ጨርሳለች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ የሚሏትን ትነግረኝ ጀመር። አስፒሪን ያኝክ። እንዳይራመድ። በሩን ክፈቱ። አስፒሪኑን አፉ ውስጥ አደረግሁለት። አኘከው። ያን ሁሉ ሳምንት ቅርንፉድ ባኘከበት ጥርስ።

አምቡላንሱ ውስጥ ፊት አስቀመጡኝ። የሚሄድ አይመስልም ነበር፤ በረዶው ነው ወደ እኛ የሚመጣው። ከኋላዬ አንድ ወጣት "ከእኔ ጋር ነዎት?" እያለ ደጋግሞ ይጠይቀዋል። ዘሪሁን "የስ ሰር" ይላል። ሾፌር ነውና ለሰው ሁሉ "የስ ሰር" ይላል። ያቺን "የስ ሰር" እየሰማሁ ኦሮራ ያለው ሆስፒታል ገባን። ሳልሰማት የቀረሁበት አንድ ቅጽበት ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

የልብ ሐኪሟ ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ለስላሳ ሴት ነበረች። ቆማ ነው ያናገረችኝ።

"ሃርት አታክ ነው። ከልቡ የደም ሥሮች አንዱ ተዘግቷል። አሁን እንከፍተዋለን።"

ፈረምኩ። ወሰዱት። በሩ ተዘጋ።

በመጠበቂያው ክፍል ውስጥ ዓሣ የሚዋኝበት ትልቅ መስታወት ነበር። አንድ ብርቱካናማ ዓሣ ከጥግ እስከ ጥግ ሄዶ ይመለሳል። ጎረቤታችን ያመጣቻት ሊዲያ ጭኔ ላይ ተኛች። ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች መጥተው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው ጸለዩ፤ የእነሱን ድምፅ እሰማለሁ። ጌታ ሆይ እላለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ይጠፋብኛል። ዓሣው ጥግ ደርሶ ሲዞር ብቻ ትንፋሼን እለቃለሁ።

ሐኪሟ ስትመለስ ጭንብሏን አውርዳ ነበር። የደም ሥሩን በቀጭን ቱቦ ገብተው ከፍተውታል፣ ተመልሶ እንዳይዘጋ ስቴንት የሚባል የሽቦ ቀለበት አስቀምጠውበታል። ይተርፋል አለችኝ። ግን ከልቡ ጡንቻ የተወሰነው ተጎድቷል።

"ሲመጣ ግፊቱ እጅግ ከፍ ያለ ነበር። ኪኒኑን ይወስዳል?"

"ይወስዳል።"

"መቼ?"

"ጠዋት።"

ያላየሁትን እንዳየ ምስክር ነበር የተናገርኩት። ሐኪሟ ያልኩትን ጻፈች።

ዘሪሁን በማግስቱ ዓይኑን በደንብ ገለጠ። የመጀመሪያ ወሬው ሕልም ነበር። ሎቱ ውስጥ ነው፤ ጭጋግ ነው፤ ሰልፉ ይንቀሳቀሳል፣ ግን በመኪኖቹ ውስጥ አንድም ሰው የለም። ድምፅ ሳያሰሙ አንድ አንድ መኪና ወደ ፊት ይጠጋሉ። የእሱም መኪና ባዶዋን ሄደች። እሱ ውጭ ቆሟል። ሊከተላት ሮጠ፣ እግሩ ግን አልታዘዝ አለው። "ጥላኝ ሄደች" አለኝ፤ እንባው በጆሮው በኩል ወረደ። ዘሪሁን ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። መድኃኒቱ ነው እንደዚያ የሚያስቃዠው ብዬ ጠረግሁለት።

በዚያው ቀን ጋሽ ተስፉ መጡ። ከሎቱ ሾፌሮች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡ ኤርትራዊ ናቸው፤ አማርኛን አስመራ በተማሪ ቤት ስለተማሩት ከእኛ ይልቅ አጥርተው ይናገሩታል። የለበሱትን ጥቁር ካፖርት ጫፉን ያጠፍኩላቸው እኔ ነኝ። ገብተው ዘሪሁንን ሳሙት፣ አጽናኑት፤ ሲወጡ ኮሪደር ላይ አስቆሙኝ።

"ልጄ፣ ለሐኪሞቹ ነግረሻቸዋል?"

"ምኑን ጋሼ?"

"ኪኒኑን ነዋ። ሎት ላይ እኮ ማንም የውሃ ኪኒን አይውጥም። ሽንት ቤቱ ያለው አስፋልቱ ማዶ ነው። ደርሰሽ እስክትመለሺ ሰልፉ ሄዷል፣ ተራሽ አልፏል። ስለዚህ ማታ ነው የሚዋጠው። ማታ ሲዋጥ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ያመላልሳል፣ እንቅልፍ የለም። ይሄኔ ሰው ለእረፍት ቀኑ ያቆየዋል።"

"ዘሪሁንም?"

"ዘሪሁን ደንቡን ያወጣ ሰው ነው። እሱማ እንዴት ያፈርሰዋል?"

ግድግዳውን ተደግፌ ቀረሁ። ተናደድኩ። ለካ የጠዋቷ ኪኒን አንድ ቀን ማታ፣ አንድ ቀን እኩለ ቀን፣ አንዳንዴም ጭራሽ የለችም። ለካ ክትትል የሚሄደው በእረፍት ቀኑ ስለሆነ፣ በእረፍት ቀኑ ደግሞ ጎህ ሲቀድ ስለሚውጣት ነው ያ ሁሉ ምስጋና። ገብቼ ልጮህበት አሰብኩ። ገባሁ። ደረቱ ላይ ሽቦ ተለጣጥፎ፣ አፉን ገርበብ አድርጎ ተኝቷል። ብርድ ልብሱን ሳብ አድርጌ እግሩን ሸፈንኩትና ተቀመጥኩ።

ለሐኪሟ ሁሉንም ነገርኳት። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ስታወራኝ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነበር። አልተቆጣችም። ኪኒኗ የምትሠራው አንድ ቀን ያህል ነው አለችኝ። ሰዓቷ ሲንከራተት ግፊቱም አብሮ ይወጣል ይወርዳል። ሰውነት ጠዋት ሲነቃ ደግሞ ግፊት ራሱ ከፍ ይላል፤ ሃርት አታክም ጠዋት ይበረታል። በዚያ ላይ ብርዱ፣ በዚያ ላይ አካፋው።

"እኛ የለካነው የእረፍት ቀኑን ነው" አለችኝ። "ሥራዎ ምንድን ነው ብለን ጠይቀነዋል። ሽንት ቤቱ የት ነው ብለን ግን አልጠየቅንም።"

ጠዋት ነው የሚሻለው ወይስ ማታ ብዬ ጠየቅኋት። በዚያ ነገር ሐኪሞች ገና እንከራከራለን አለች፤ ለእሱ ግን ከሁሉ የሚሻለው የማይዘልለው ሰዓት ነው። ሊሲኖፕሪሉን ለብቻው አድርጋ ከመኝታ በፊት አደረገችለት። የልብ ምት የሚያረጋጋውን ሜቶፕሮሎልን ከምግብ ጋር። አስፒሪን፣ ደም የሚያቀጥን፣ ኮሌስትሮል የሚቀንስ። በመጨረሻ አንዲት ነጭ ኪኒን ቀረች። ልቡ ስለደከመ ውሃ ይቋጥራል፣ ሳንባው ላይም ሊወጣ ይችላል፤ ስለዚህ ከድሮው የበረታ የውሃ ኪኒን ያስፈልገዋል፣ ፉሮሰማይድ ይባላል። ማታ አይሆንም። በየቀኑ ጠዋት፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ሳይዘለል።

"ሥራው ይህን የማይፈቅድለት ከሆነ ሥራውን ይቀይር" አለች። ዘሪሁን ጣሪያውን ያይ ነበር። የሰማ አልመሰለኝም፤ ሰምቷል።

የማገገሚያው ወራት ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ካለፍናቸው ዓመታት ሁሉ ለስላሳዎቹ ነበሩ። በረዶው ቀስ እያለ ከሜዳው ላይ ሲነሣ፣ በሰፈራችን ኩሬ ዙሪያ መራመድ ጀመርን፤ መጀመሪያ እስከ መጀመሪያው አግዳሚ ወንበር፣ ከዚያ እስከ ድልድዩ፣ በኋላም ዙሪያውን ሙሉ፣ እሱ በትንሽ በትንሹ እየተነፈሰ፣ እኔ የሰለቸሁ መስዬ ከእርምጃው ጋር እርምጃዬን እያሳጠርኩ። የዱር ዝይዎቹ መንገዱን ዘግተው ይቆማሉ፤ ዘሪሁንም ቆሞ እስኪያልፉ ይጠብቃቸዋል፣ ተራቸው ነው እያለ። ከሰዓት በኋላ ከተራራው በኩል የሚመጣው ብርሃን ቤቱ ውስጥ ገብቶ ምንጣፉ ላይ ሲተኛ፣ እሱም ሶፋው ላይ ሲተኛ፣ እኔ ከሥራ ይዤው የመጣሁትን ሱሪ እያጠፍኩ የትንፋሹን ድምፅ እሰማለሁ፤ የሚተነፍስ ባል ምን ያህል ቤት እንደሚሞላ የገባኝ ያኔ ነው። በሳምንት ጥቂት ቀን ሆስፒታሉ ውስጥ የሚገኝ የልብ ማገገሚያ ክፍል ሄዶ ትሬድሚል ላይ ይራመዳል፤ አጠገቡ የሚራመዱት የፈረንጅ ሽማግሌዎች ስሙን "ዚ" ብለው አሳጥረው፣ በሌለበት ቀን የት ቀረ እያሉ ይጠይቁ ነበር። ከቤተ ክርስቲያናችን አንዲት እኅት፣ ጌታ ስለፈወሰው ኪኒኖቹን ቢጥል እምነቱን ያሳያል አለችኝ። የፈወሰው ጌታ ስቴንቱንም፣ ሐኪሟንም፣ ኪኒኑንም የሚያውቅ ጌታ ነው አልኳት። ከዚያ ወዲህ ጎመን እንጂ ምክር አምጥታልን አታውቅም።

በጸደይ መጨረሻ ሐኪሟ መንዳት ፈቀደችለትና ወደ ሎት ተመለሰ። ኪኒኗን፣ መንገድ ላይ እንዳትይዘው፣ ሎት ሲደርስ ይውጣታል። ሽንት ቤት ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ተራው አልፏል። ሄዶ መጨረሻ ይሰለፋል፤ ፊት ሳይደርስ ሽንቱ ደግሞ ይመጣበታል። ማንም አላባረረውም፤ ራሱ ነው መኪናውን አዙሮ ወደ ኋላ የሚሄደው። ሾፌሮቹ ግድ የለም ሲሉት፣ ደንብ ደንብ ነው ይላቸዋል። ማታ ሲመጣ ፊቱ ጠቁሮ፣ ተሳፋሪ ያልገባበት መኪና እየነዳ ይመጣል።

ከዚያ አንድ ቀን ሥራ ውሎ ገብቶ ካልሲውን ሲያወልቅ እግሩን አየሁ። ላስቲኩ ዙሪያውን ቦይ ሠርቷል። እኔ የላስቲክ ምልክት አውቃለሁ፤ ይህ የካልሲው ጥበት አይደለም፣ የእግሩ እብጠት ነው። በጣቴ ተጫንኩት። ጉድጓዱ ቶሎ አልተመለሰም።

"ውጠሃታል?"

ካልሲውን ጠቅልሎ ጫማው ውስጥ ከተተ።

"ዘሪሁን፣ ያቺን ኪኒን ውጠሃታል ወይ?"

"ሥራ ልሥራ ወይስ ሽንት ቤት ልዋል?" አለኝ።

በማግስቱ ጋሽ ተስፉ ጋ ደወልኩ። አለቀስኩ። ባሌ ይሞትብኛል አልኳቸው፤ ቃሉን አፌ ሲያወጣው ያን ጊዜ ሰማሁት። እሳቸው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና፣ "ተይልኝ ልጄ፣ ይህ የአንድ ሰው ጉዳይ አይደለም" አሉኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በር ላይ ቆመው አገኘናቸው። ገብተው ሻይ ቀረበላቸው። ስኳሩን ራቅ አደረጉት።

"ዘሪሁን፣ ትናንት አንተ ሳትኖር ሎት ላይ አንድ ነገር ጠየቅሁ" አሉት። "ግፊት ያለበት ሰው ዳሽቦርዱን ይክፈት አልኩ።"

"እና?"

"መጀመሪያ ሁሉም ሳቀ። ከዚያ የእኔን ከፈትኩ። እነሆ ኪኒኔ፣ እሽጉ እንኳ ያልተከፈተ። ከዚያ አንዱ ከፈተ፣ ሌላውም ቀጠለ። ግማሹ ሎት ዳሽቦርድ ውስጥ ኪኒን አለ፣ ልጄ። የሚውጠው ግን የለም። ያ ወጣቱ፣ ሚስቱ የወለደችለት፣ እሱም አለው።"

ዘሪሁን ብርጭቆውን አስቀመጠ። እኔ የተቀመጥኩበት ሆኜ የግንባሩ ሥር ሲመታ አየዋለሁ።

"በእኔ ደንብ?" አለ።

"በደንባችን። አንተ ብቻህን አላጸደቅኸውም፣ እጅ አውጥተናል። ግን አንተ ካልነካኸው ማንም አይነካውም፤ ያፍርሃል።"

"እኔ ለጠብ ብዬ ነው ያወጣሁት፣ ጋሼ። ሰው እንዳይጣላ።"

"ሰው አልተጣላም። ጥሩ ደንብ ነው። አሁን ደግሞ ሰው እንዳይሞት አንድ መስመር ጨምርበት።"

ባሌ ለራሱ ሲሆን አሻፈረኝ ያለውን፣ ለሰው ሲሆን በአንድ ሻይ ተቀበለ። እኔ ይህን ጠባዩን ስወደውም ስጠላውም ነው የኖርኩት። የጨመረው መስመር አጭር ናት፤ ሽንት ቤት የሚሄድ ሰው ቁልፉን መኪናው ላይ ትቶ ይሄዳል፣ ከኋላው ያለው ሰው ሁለቱንም መኪና ያስጠጋል። ኢንሹራንሱ ምን ይላል ብዬ ብጠይቅ ሁለቱም ሳቁብኝ።

ለእናንተ ልል የምፈልገው ብዙ አይደለም። ኪኒናችሁን ስትቀበሉ ለሐኪሙ ውሏችሁን ንገሩት፤ ስንት ሰዓት እንደምትነሡ፣ ሌሊት የምትሠሩ ከሆነ የእናንተ ጠዋት መቼ እንደሆነ፣ የሥራ ቦታችሁ ሽንት ቤት የት እንደሆነ ጭምር። ነውር አይደለም። ሰዓቱ ካልተመቻችሁ እሱ ይቀይርላችሁ እንጂ እናንተ አታንከራትቱት፤ የዘለላችሁትንም ለማካካስ ሁለት አትዋጡ። ግፊታችሁን ለሐኪም ቀን ብቻ አታሳምሩት፤ ቤታችሁም ለኩት፣ የሥራ ቀንም ለኩት። ስትንቀሳቀሱ መጥቶ ስታርፉ የሚሄድ የመንጋጋ ሕመም ካለ፣ ቅርንፉዱን ለወጥ ተዉትና ሐኪም ጋ ሂዱ። ደረት ላይ ከመጣ ደግሞ ቁልፍ አትፈልጉ፤ 911 ደውሉ። ሚስቶች፣ እናንተም ጠርሙሱን አይታችሁ አትመኑ፤ የምታምኑት ሲዋጥ ስታዩ ይሁን። የልብ ሐኪሟን፣ በአምቡላንሱ ውስጥ ባሌን ያናገረውን ያን ወጣት፣ እኛ ስንከራከር የደወለችውን ልጄን አመሰግናለሁ። ከሁሉ በፊት እግዚአብሔርን።

በበጋው አንድ ጠዋት የእረፍት ቀኔ ነበርና ሎቱን አይቼው አላውቅም ብዬ ከዘሪሁን ጋር ሄድኩ። ሜዳው ላይ ቀጭን ጭጋግ ተኝቷል፣ ከጭጋጉ በላይ ነጩ ጣሪያ። ቅርብ ሆኖ ሳየው ስፌቱ ታየኝ፤ ቀጥ ያለ ነው። ሰልፉ ላይ ተራችንን ያዝን። ዘሪሁን ነጯን ኪኒን አውጥቶ በውሃ ዋጣት፣ ማየቴን ለማረጋገጥም ዞሮ አየኝ። ጥቂት ቆይቶ ቁልፉን ትቶ ወረደና አስፋልቱን አቋርጦ ሄደ።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። በሾፌሩ በኩል በሩ ተከፈተና ከኋላችን የተሰለፉት ጋሽ ተስፉ ገቡ። "እንደምን አደርሽ፣ ልጄ" አሉኝ። ማርሹን አስገብተው ቀስ ብለው ወደ ፊት አስጠጉን።

ዞሬ ሳይ ዘሪሁን ከማዶ ሽንት ቤቱ በር ላይ ቆሟል። መኪናው ያለ እሱ ስትሄድ እያያት ነው። እጁን ከፍ አደረገ፣ እኔም ከፍ አደረግሁ። ከዚያ በጭጋጉ መሐል ወደ እኛ መጣ። አልሮጠም።